ስልክ ላይ የከፈትኩት ሶንጎ

በ2012 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወሩ ኅዳር፣ የቡናው ለቀማ የጦፈበት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ያንን ቀን ግን አልረሳም። አሁን እንኳ ስጽፈው ልቤ ይቸኩላል፤ እጄ ነው የማይከተለኝ።

በራሶ እባላለሁ። ከይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኮንጋ ሰው ነኝ። ቡናና እንሰት አለኝ። በልጅነቴ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ፈርም በተባልኩ ቁጥር አውራ ጣቴን ነበር የማቀርበው። ስሜን በእጄ ሳልጽፍ አልሞትም ብዬ በስተርጅና የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ባለቤቴ ብርቄም አብራኝ ገባች። "ብቻህን ተምረህ ልትኮራብኝ ነው?" ብላ ነው የገባችው።

የምንማረው በሕፃናቱ ክፍል ነበር። እነሱ ሲወጡ እኛ እንገባለን። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ስንቀመጥ ጉልበታችን አገጫችን ሥር ይደርሳል። አስተማሪያችን ሄለን ትባላለች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ዲላ ተምራ እንደጨረሰች ወደ እኛ የተመደበች። በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ግን ሰው አትንቅም። ስትጠራኝ "አባ በራሶ" ብላ እጇን አጣምራ ነው።

ሄለን ፊደሉን በተርታ አላስተማረችንም። ከምናውቀው ነገር ትነሣለች። ቡና ብላ የ"በ"ን ቤት፣ ማር ብላ የ"መ"ንና የ"ረ"ን ቤት አስያዘችን። ቀጥሎ እንሰት ብላ የ"ሰ"ን ቤት ልታስይዘን ስትል ቡናው ቀላ። ስለዚህ ስሜ በግማሽ ቀረ። "በ" እና "ራ" አሉኝ፤ "ሶ" የለኝም። በዚህ ምን ያህል እንደተናደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቡና ሲቀላ ኮንጋ ውስጥ ማንም ክፍል አይገባም። ቡናው አይጠብቅማ! ዐምናም እንዲሁ ተበትነን ጥር ላይ ስንመለስ የተማርነው ሁሉ በኖ ጠፍቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ከወረዳ ለሄለን ተነግሯት ነበር። በለቀማው ወቅት ትምህርቱ ከተቋረጠ ክፍሉ ይዘጋል፣ እሷም ሌላ ቦታ ትመደባለች። ይህን እሷው ራሷ በፊታችን ቆማ ነገረችን።

"እናንተ ወደ ክፍሉ መምጣት ካልቻላችሁ ክፍሉ ወደ እናንተ ይምጣ" አለች። "ዲላ ስማር ከጓደኞቼ ጋር በስልክ ግሩፕ ነበር የምናጠናው። እኔ ትምህርቱን በድምፅና በፎቶ እልክላችኋለሁ። እናንተ ደግሞ የጻፋችሁትን ፎቶ አንሥታችሁ፣ ያነበባችሁትን በድምፅ ቀድታችሁ ትልኩልኛላችሁ። አንዱ የላከውን ሌላውም ያየዋል፤ እርስ በርስ ትተራረማላችሁ።"

"ፊደል በስልክ አይገባም" አልኩ እኔ። "ስልክ ለቅሶ መጥሪያ ነው።"

"ይሞክሩት እንጂ አባ።"

"አልሞክርም።"

ብርቄ ከኋላ ሆና "ተይው ልጄ፣ ጫማም የለመደው በስንት ልመና ነው" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ልጃችን ዲላ ባጃጅ ይነዳል። አዲስ ስልክ ሲገዛ አሮጌውን ተች ስልኩን ለእናቱ ሰጥቷት ነበር። የእኔው ቁልፍ ያለው፣ በጨለማ ባትሪ የሚሆነው ነው። ሄለን የብርቄን ስልክ ተቀብላ ነካ ነካ አደረገችና "አባ በራሶም እማማ ብርቄም በዚህ ገብታችኋል" አለች። የሌላውንም ስልክ እንደዚያው ተራ በተራ አስገባች። ስልክ የሌለው በልጁ፣ በጎረቤቱ ገባ።

ከዚያ የግሩፑን ፊት አሳየችን። የሶንጎውን ትልቅ ዛፍ ፎቶ አንሥታ ለጥፋበታለች። "ደስ እንዲላችሁ ብዬ 'የኮንጋ ሶንጎ' ብዬ ሰይሜዋለሁ" አለችን።

ሶንጎ እኛ ጌዴኦዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ጉዳይ የምናይበት፣ የተጣላ የምናስታርቅበት የሽማግሌ ጉባኤ ነው። በኮንጋው ሶንጎ በዕድሜ ታላቁ እኔ ነኝ። ለሄለን ግን አንዱ "መሰብሰቢያ ማለት ነው" ብሎ ነግሯት፣ በቃ ያንን ይዛ ነው። "ጥሩ ስም ነው" አልኳትና ወጣሁ። ሌላውም "ጥሩ ስም ነው" እያለ ተከትሎኝ ወጣ።

ለቀማ ጀመርን። ስልኩን ብርቄ ነበረች የምትይዘው። አልፎ አልፎ ከቡናው መሃል የሄለን ድምፅ "እንሰት... ሰ... ሱ..." ሲል ይሰማኛል። ብርቄ ትሰማለች፣ አጎንብሳ የሆነ ነገር ትጭራለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቅርንጫፌን እጎትታለሁ። አልሞክርም ብያለሁ፤ አልሞከርኩም።

እንዲህ ስንል ያ ቀን መጣ። ብርቄ ማለዳ ይርጋጨፌ ገበያ ወርዳለች። እኔ ቡናዬን ስለቅም ሄለን ጭቃ በጭቃ ሆና በእንሰቱ መሃል ብቅ አለች። ፊቷን ሳየው ሰው የሞተባት መሰለኝ።

"አባ በራሶ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን አጠፋሁ?" አለች።

"ማን አጠፋሽ አለ?"

ስልኳን አወጣች። ወደ ታች እየገፋች አሳየችኝ። የእሷ ድምፅ፣ የእሷ ፎቶ፣ ደግሞ የእሷ ድምፅ። ከላይ እስከ ታች እሷ ብቻ ናት። "ይኸው ሁሉም አይተውታል፣ ማየታቸውን ይናገራል" አለች። "ግን አንድ ሰው እንኳ 'አለሁ' አላለኝም። ለመንኩ። ሰላም አልኩ። ቀልድም ላክሁ። ዝም። ቅር ያሰኘኋችሁ ነገር አለ? ንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቅ።"

"ኧረ ምንም!"

"የወረዳው ተቆጣጣሪ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል። ተማሪዎችሽ መማራቸውን አሳይኝ ብሎኛል። ምን አሳየዋለሁ? ብቻዬን ሳወራ?" እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። ቅርጫቴን ከወገቤ ፈታሁና አስቀመጥኩ። "ተከተይኝ" አልኳት።

ወደ ቡና ማጠቢያው ወረድን። በዚያ ሰዓት ኮንጋ ሁሉ እዚያ ነው። ሰው እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ ተሰልፏል። ከሰልፉ መሃል ጂግሶን አየሁት። ጂግሶ ጎረቤቴ ነው፤ ጎልማሳ፣ ከክፍላችን ጎበዙ፣ ገና ያልደረስንበትንም ፊደል ቀድሞ የሚለቅም። ሄለን እንኳ ሰሌዳ ላይ ስትሳሳት የሚያርማት እሱ ነው።

"አንተ ጂግሶ!" አልኩት ከሩቅ። "ምላስህን ማን ቆረጠው? ይህች ልጅ ስትለፋ ዝም የምትሏት ምን ሆናችሁ ነው? ሰነፎች!"

ጂግሶ ባርኔጣውን አወለቀ። መሬት መሬት እያየ "አባ፣ እኔ ሠርቻለሁ" አለ።

"የታለ?"

ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። እናንተ፣ ብታዩት! በማድረቂያው አልጋ ላይ ቀይ ቡና አንድ በአንድ ደርድሮ "ጂግሶ" ብሎ ጽፎ ፎቶ አንሥቶታል። ሌላም አለ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ በምስማር ጭሮ የ"ሰ"ን ቤት በሙሉ ጽፏል። ሌላም አለ። ሁሉም ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። ሄለን አፏን በእጇ ያዘች።

"ታዲያ ለምን አልላክህም?" አለችው።

ጂግሶ እሷን ትቶ እኔን አየኝ። "አባ ሳይከፍቱ?" አለ።

"ምኑን ነው የምከፍተው?"

"ሶንጎውን።"

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ተማሪዎችም ዞረው አዩኝ። አንዷ "እኔም ይዤ ነው የተቀመጥኩት" አለች። ሌላው "እኔም" አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በሶንጎ ታላቁ መርቆ ሳይከፍት ማንም ቃል አይተነፍስም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ምርቃት ነው። ከተከፈተም በኋላ በዕድሜ ተራ ነው የሚነገረው፤ ታናሽ ታላቁን አይቀድምም። ከሕፃንነታችን ይዘነው ያደግነው ነው። ሄለን ደግሞ ሶንጎ ብላ ሰይማው፣ ዛፉን ለጥፋበት፣ ሁላችንንም ሰብስባ አስገባችን። ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ። እኔን ጠበቀ። እኔ ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቼ ቡና እለቅማለሁ!

"ለምን አንድ ሰው መጥቶ አልነገረኝም?" አልኩ።

"ሽማግሌ ሲቆይ ምክንያት አለው ብለን ነዋ" አለ ጂግሶ። "ጉዳዩ አልበሰለም ብለው ያዘገዩት መስሎን።"

ሄለን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ደነገጠች። "ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አላወቅሁም። አሁኑኑ ስሙን እቀይረዋለሁ" ብላ ስልኳን መነካካት ጀመረች።

"አይሆንም!" አልን እኔና ጂግሶ እኩል።

ሶንጎ የተጠራ እንደሆነ ሳይከፈትና ሳይዘጋ አይፈርስም። ያንን አድርጎ የሚያውቅ የለም። ስም ቀይራ ብትበትነው ሰዉ ጭራሽ ተቀይሞ ይቀራል። መከፈት አለበት። የሚከፍተውም እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ግን ያዘኝ። ሶንጎ በአካል ነው የሚከፈተው። ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ዐይኑን እያየሁ፣ አሜን ሲለኝ እየሰማሁ። በዚህ በቆርቆሮ ማንን ነው የምመርቀው? አባቴ ቢያይ ምን ይላል? ይህንኑ ለሄለን ነገርኳት።

እሷም አሰብ አደረገችና "አባ፣ ልጅዎት ዲላ ሆኖ ሲደውል በስልክ አይመርቁትም?" አለች።

እመርቀዋለሁ። በየሳምንቱ ነው የምመርቀው። አባቴም ቢኖር በስልኩ ይመርቀው ነበር።

"አምጪው" አልኩ።

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆንያውን መሬት አስቀምጦ ተነሣ። የማይማረው፣ ሚዛን ላይ ያለው ሳይቀር ባርኔጣውን አወለቀ። ሄለን "እዚህ ጋ ተጭነው ይያዙ፣ እስኪጨርሱ እንዳይለቁት" አለችኝ። ተጫንኩ። መመረቅ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ፣ ስንመርቅ እንደምናደርገው፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ጣቴም አብሮ ተነሣ። ሄለን ቀስ ብላ "ተቆረጠ አባ" አለች።

"እጅ ሳይነሣ ምርቃት አለ እንዴ?" አልኩ ተናድጄ።

ጂግሶ መጣ። "እርስዎ ያንሡ፣ ስልኩን እኔ ተጭኜ እይዛለሁ" አለኝ። ከአገጬ ሥር አድርጎ ያዘልኝ። እኔ እጄን ዘርግቼ እንደገና ጀመርኩ። በጌዴኦኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦

"ሰማዩ ይስማን። ምድሩ ይስማን። ቡናው በቅርንጫፉ ይብሰል። እንሰቱ በጓሮው ይስፋ። ላሞች ይታለቡ። ልጆች ይደጉ። የተናገረ አይፈር። የተሳሳተ አይሳቅበት። ያላወቀ ይወቅ፣ ያወቀ ያካፍል። እኔ በራሶ ነኝ። ሶንጎው ተከፍቷል።"

ማጠቢያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "አሜን!" አለ። ድምፁ ማሽኑን ዋጠው። ጂግሶ ጣቱን ለቀቀ፤ ምርቃቱ ወደ ግሩፑ ሄደ።

ጠበቅን። ምንም የለም።

"ላክ እንጂ ጂግሶ!" አለች ሄለን።

"ዱካሌ ሳይናገር?" አለ ጂግሶ፣ እንደ ነውር ነገር።

እውነቱን ነው። ከክፍላችን ከእኔ ቀጥሎ ታላቁ ዱካሌ ነው። እሱ ደግሞ ከላይ ኮረብታው ላይ ቡና እየለቀመ ነው። ኔትወርክ እዚያ አንዳንድ ቦታ ይገባል፣ አንዳንድ ቦታ አይገባም። ቢገባም ስልኩን ከኪሱ ማን ያስወጣዋል?

በዚህ መሃል ሞተር ሳይክል መጣ። ተቆጣጣሪው ነው። አቧራውን እያራገፈ ወረደ። "መምህርት፣ ትምህርት ቤት ፈልጌሽ አጣሁሽ፣ እዚህ ነሽ አሉኝ። እስቲ ያንን ግሩፕ አሳይኝ" አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ደግ ነው። ሥራው ሆኖበት ነው።

ስልኳን ሰጠችው። ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። "ይህ ያንቺ ነው። ይህም ያንቺ። ይህም። ተማሪዎቹ የታሉ?"

ሄለን ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ መሃል ገባሁ።

"ጌታው፣ ትንሽ ይታገሡ። ዱካሌ ይናገር" አልኩት።

"ዱካሌ ማን ነው?"

"ሁለተኛው ነው።"

"የምኑ ሁለተኛ?"

"የእኔ ነዋ!" አልኩት። እሱ ደግሞ ምኑም አልገባውም፤ ሄለንን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

ጊዜ የለም። ወደ ማጠቢያው ዳርቻ ሮጥኩ። አዎ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ሮጥኩ። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ኮረብታው ጮህኩ፦ "ዱካሌ ሆይ! ዱካሌ! ስልክህን ክፈት! ሶንጎው ተከፍቷል!"

ከታች ካለው ማሳ ቡና የምትለቅም ሴት ተቀበለችኝ። "ዱካሌ ሆይ፣ ስልክህን ክፈት!" ከእሷ በላይ ያለው ደግሞ ተቀበላት። ከዚያ በላይ ያለው ተቀበለ። ድምፁ ከማሳ ማሳ እየዘለለ በእንሰቱ ላይ ሲወጣ ሰማነው። እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ጠፋ።

ተቆጣጣሪው "ስልክ እንዲከፍት ነው በጩኸት የምትጠሩት?" አለ። ፈገግ ማለት ጀምሯል።

ስልኩን ከበብን። ሄለን ከንፈሯን ነክሳለች። ጂግሶ ስልኩን ጨብጦ፣ ጣቱን ደግኖ ቆሟል።

ጢን አለ።

ዱካሌ ነው! መጀመሪያ ሳለ። ረጅም ሳል። ከዚያ "አሜን" አለ። "እኔ ዱካሌ ነኝ። በራሶ፣ ምነው እንዲህ ቆየህ? ምላሳችን በአፋችን ደረቀ እኮ! እንግዲህ መምህርት ስሚኝ። እንሰት። ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ።" እንደ ዘፈን ነው ያወረደው። በመጨረሻ "ትክክል ነው ወይ?" ብሎ ጠየቀ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጢን፣ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ስልኩ ማቆሚያ አጣ። ጂግሶ ተራው ሲደርስ ያንን የቡና ስሙን ላከ። አንዱ በበሩ ሳንቃ ላይ በከሰል የጻፈውን ላከ። አንዷ እየሳቀች፣ ልጇ ከኋላ እያለቀሰ፣ "እንሰት" ብላ አነበበች። አንዱ "ስ"ን አዙሮ ጽፎት ኖሮ ወዲያው ሌላዋ "ዞሯል፣ እግሩን ወደዚያ አድርገው" ብላ አረመችው። ሰልፍ ውስጥ ያሉት እየተጋፉ ይልካሉ፤ ጆንያቸውን ረስተውታል። ሄለን እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ እያንዳንዱ ሲመጣ በጆሮዬ እከተላለሁ፤ አንድም ተራውን የሳተ የለም። በዕድሜያቸው ነው የመጡት፣ ልክ ከዛፉ ሥር እንደሚቀመጡት።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ያያል። "ይህ በምንድን ነው የተጻፈው? በቡና?" ይላል። "ይህኛውስ? በቅጠል ላይ?" ልጅ መሰለ። በመጨረሻ ቀና ብሎ እኔን አየኝና "እርስዎስ አባት፣ ይህን ሁሉ ሰው ያንቀሳቀሱት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ የቤት ሥራ የታለ?" አለ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ምን አለኝ? አልሞክርም ያልኩት እኔ። ክፍሉን የከፈትኩት ሰውዬ ራሴ ባዶ እጄን ነኝ።

ጢን።

ሄለን ስልኩን አየችው። "ከእማማ ብርቄ ነው፣ ከገበያ፤ ኔትወርክ አዘግይቶት" አለች። ከዚያ ስልኩን ለተቆጣጣሪው አልሰጠችውም፣ ለእኔ ሰጠችኝ። "አባ፣ ይህን እርስዎ ያንብቡልን።"

ጆንያ ነው፣ ፎቶው። ባዶ ጆንያ መሬት ላይ ተዘርግቶ በከሰል ተጽፎበታል። የብርቄ ጫማ ጫፍ ይታያል። ሦስት ፊደል ነው ያለው።

የመጀመሪያዋን አወቅኋት፤ የቡናዋ ቤት ናት፣ "በ"። ሁለተኛዋንም አወቅኋት፣ "ራ"። ሦስተኛዋ ያቺ የሌለችኝ ናት። ዐይኔን ጨፈንኩ። የዱካሌን ድምፅ ሰማሁት፣ አሁን የሰማሁትን። ሄለን የላከችው የ"ሰ" ቤት ከላይ እንዳለ አስታወስኩ። "ወደ ላይ ግፊልኝ" አልኳት። ገፋችልኝ። በጣቴ እየነካሁ "ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ..." እያልኩ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ያለችው እሷ ናት። አንድ እግሯ የረዘመው። ወደ ጆንያው ተመለስኩ።

"በ... ራ... ሶ" አልኩ። ከዚያ ጮህኩ። "በራሶ! በራሶ ይላል! እኔ ነኝ!"

ከዚያ በኋላ ማን እንዳቀፈኝ አላውቅም። ጂግሶ ነው መሰለኝ። ዱካሌም ከኮረብታው ላይ ምንም ሳያይ "እልል በሉ!" የሚል ድምፅ ላከ።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ በእኔ ዘመን ያደገች ሴት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። ነውር ነው። ብርቄ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን በራሶ ብላኝ አታውቅም። "አንተ" ትለኛለች፣ "የልጁ አባት" ትለኛለች፣ ስትናደድ "ያ ሰውዬ" ትለኛለች። ሌላው ሁሉ የራሱን ሲልክ እሷ የእኔን ስም ጻፈች። በአፏ ያላወጣችውን በከሰል አወጣችው። በሶንጎ መሃል!

ተቆጣጣሪው ክፍሉ እንደሚቀጥል እዚያው ነገረን። ሄለንም ቀረችልን። ሲሄድ ሞተሩን አስነሥቶ መልሶ አጠፋና "እኔንም ግሩፑ ውስጥ አስገቡኝ" አለ። ዕድሜውን ጠየቅነው። ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነዎት፣ ጠብቀው ይናገራሉ አልነው። ተስማማ።

ብርቄ ከገበያ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት። "ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ሶንጎ ክፈት ብላ ባሏን የምታዝ ሴት አይተሃል?" አለችኝ። ጨው ከዘንቢሏ እያወጣች ነው። "ደግሞ ልንገርህ ብል 'አልሞክርም' አይደል የምትለው?"

ስለ ጆንያው እኔም አልጠየቅኋት፣ እሷም አላነሣችም። ሽንኩርቷን ማውጣት ቀጠለች። ግን ታውቃለች። እንዳነበብኩት ታውቃለች።

ዛሬ ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ሄለን ትንሽ አርማልኛለች፤ ብዙውን ግን እንዳለ ተይው ብያታለሁ። ያ ግሩፕ እስካሁን አለ። አሁንም የሚከፈተው በምርቃት ነው፤ ወጣቶቹ ይስቁብናል፣ ይሳቁ። ስልክ ጢን ባለ ቁጥር እኔ ዛሬም ያ ማጠቢያ ጋ ቆሜ ዱካሌን እንደምጠብቅ ይሰማኛል። ደስ ይለኛል። ሽማግሌ ደስታውን አያሳይም ይሉኛል፤ እኔ አሳያለሁ።

በዚያ ቀን ማግስት ጠዋት፣ ብርቄ እሳት ስታያይዝ የቀበሌ መታወቂያዋን ከሳጥኑ አወጣሁ። ስሟ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ የመጨረሻዋን ፊደል ገና አልተማርናትም ነበር። ከጓሮ ወዳለው እንሰት ሄድኩ። ሰፊውን ቅጠል መረጥኩ፣ አልቆረጥኩትም። መታወቂያውን በአንድ እጄ ይዤ እያየሁ በምስማር ጫርኩት። የመጨረሻዋ ፊደል አስቸገረችኝ፤ ሌላ ቅጠል ላይ ሞከርኳት፣ ከዚያ ሌላ ላይ። ሲያምር ጠራኋት።

"ስልክሽን ይዘሽ ነይ። ይህን አንሺና ወደ ግሩፑ ላኪልኝ።"

መጣች። ቅጠሉን አየችው። ጤዛ አለበት፣ የጫርኩት ጠቁሯል፣ "ብርቄ" ይላል። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ስልኳን አነሣች፣ ወደ ቅጠሉ አስጠጋች፣ ራቅ አደረገች።

"ፈቀቅ በል፣ ጥላህ ጋረደው" አለችኝ።

ፈቀቅ አልኩ።